የጀነሬተሩ ማርሚታ፦ በወረቀት ይሰላ ወይስ በኮምፒውተር?

ጉዳዩ ይህ ነው። ጎንደር ፒያሳ ያለ አንድ ሆቴል መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር ያስነሳል፤ ጎረቤት እንቅልፍ አጣ። አዲስ ማርሚታ (የጭሱን ድምፅ የሚቀንስ፣ ከቱቦው ሰፋ ያለ ሳጥን) ሊበየድ ነው። በቱቦው ውስጥ የሚያልፈውን ድምፅ አስቀድሞ ለማስላት ሞገዱ ቀጥ ብሎ ብቻ ይሄዳል የሚለው ቀላሉ ቀመር ይበቃል? ወይስ ሙሉ የኮምፒውተር ሞዴል ያስፈልጋል? ሁለት ሰዎች ተከራክረዋል፤ አንዱ ከአዘዞ፣ ሌላው ከማራኪ።

የአዘዞው፦ በደንብ ይበቃል እንጂ! ሞተሩ ባለ 4 ሲሊንደር ነው፤ በደቂቃ 1500 ዙር ይዞራል፤ በየዙሩ ሁለቴ ይተኩሳል። ዋናው ጉርምርምታ 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ንዝረት) ላይ ነው ማለት ነው። ጭሱ 400 ዲግሪ ከሆነ ድምፅ በሰከንድ 520 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሞገዱ ከ10 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ 10 ሳንቲም ቱቦ ውስጥ ወዴት ይዞራል? ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው። ስሌቱን ኤክሴል ይጨርሰዋል።

የማርሚታውን ሳጥን ክብ፣ 30 ሳንቲም ስፋት፣ 65 ሳንቲም ርዝመት እንበለው። 200 ኸርዝ ላይ 13 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ይቀንሳል፤ 50 ላይ 6 ብቻ። የከተማችን ከፍታ የድምፁን ፍጥነት ይለውጣል የሚሉም አሉ። አይለውጥም፤ ወሳኙ ሙቀቱ ነው።

የማራኪው፦ ጋሼ፣ 400 ኸርዝን ዘለሏት። በራስዎ ቀመር እዚያ ላይ ሳጥኑ ምንም አይቀንስም፤ ድምፁ እንዳለ ያልፋል።

የአዘዞው፦ መግቢያውን ቱቦ እስከ ሳጥኑ ግማሽ ድረስ ወደ ውስጥ አስገባው፤ 400 ይያዛል። እሱም በወረቀት የሚሰላ ነው፣ ልጄ።

የማራኪው፦ እሺ፣ ይህን ልቀበል። ግን የሰው ጆሮ 50 ኸርዝን ብዙም አይሰማም፤ በተለመደው የድምፅ መለኪያ ሚዛን 30 ዴሲቤል ይቀነስለታል። የሚያስመርረው ከ1000 ኸርዝ በላይ ያለው ጩኸት ነው። 30 ሳንቲም ሳጥን ውስጥ ደግሞ ከ1000 ኸርዝ ገደማ ጀምሮ ሞገዱ ወደ ጎንም መወዛወዝ ይጀምራል። ያኔ ያ የቀጥታ ቀመር አለቀለት። ሞዴሉ ውድም አይደለም፤ ሳጥኑን በትናንሽ ክፍልፋይ ከፍሎ ነው የሚያሰላው። 2000 ኸርዝ ላይ ሞገዱ 26 ሳንቲም ነው፤ ለአንድ ሞገድ 10 ክፍልፋይ ብንሰጥ እያንዳንዱ 2.6 ሳንቲም ይሆናል። ተራ ላፕቶፕ ይችለዋል።

የአዘዞው፦ 50 ኸርዝ ግን ግድግዳ አልፎ አልጋ ያንቀጠቅጣል፤ ጎረቤቱን ጠይቀው። ደግሞ መግቢያና መውጫው ልክ መሃል ላይ ከሆኑ ያ የጎን ሞገድ አይቀሰቀስም። ከ2100 ኸርዝ በታች ቀመሬ ይሠራል። የእኔ ፍርሃት ሌላ ነው። የጭሱን ሙቀት ማን ለካ? 400 ያልነው በግምት ነው። 250 ሆኖ ቢገኝ ያንተም የሞዴል ባለቀለም ሥዕል የእኔም ኤክሴል እኩል ይስታሉ። ላፕቶፕህን ከመክፈትህ በፊት ቴርሞሜትር ይዘህ ሂድ።

የማራኪው፦ ቴርሞሜትሩን እይዛለሁ። ግን «መሃል ላይ» ያሉት እዚያ አይሆንም። ጀነሬተሩ ከአጥሩ ጋር ተጣብቋል፤ በያጁ መግቢያውን ወደ ጎን ካላዞረው ሳጥኑ አይገባም። መሃሉን የለቀቀ መግቢያ ያንን የጎን ሞገድ ይቀሰቅሰዋል፤ ቀመርዎ ደግሞ አያየውም።

የአዘዞው፦ አጥሩን አላየሁትም። እንግዲያው ለእሱ ሞዴልህን ሥራ፤ የሳጥኑን ርዝመት ግን ከእኔ ወረቀት ውሰድ።

የማራኪው፦ ሙቀቱ ከተለካ በኋላ ነዋ፣ ጋሼ።