ክርክር፦ አምባሰል በጀርመንኛ ይዘፈን?

ጭብጡ፦ አንድ የደሴ ሮክ ባንድ በአምባሰል ቅኝት የሠራውን ነጠላ ዜማ ለጀርመን ገበያ ቢያወጣ፣ ግጥሙ ወደ ጀርመንኛ ይዙር ወይስ አማርኛው ይቆይ?

ግጥም ጸሐፊው (ይዙር ባይ)፦ ነጠላ ዜማ እንደ አልበም ቀስ ተብሎ አይለመድም፤ አዝማቹ ሰሚውን ካልያዘው አለቀ። በ1964 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ ባንድ የቢትልስ የጀርመን አሳታሚ «በጀርመንኛ ካልሆነ ብዙ አይሸጥም» ብሎ ወትውቶ፣ ልጆቹ ፓሪስ ስቱዲዮ ገብተው ሁለት ዘፈኖቻቸውን በጀርመንኛ ቀርጸዋል። ለአንዱ በነበረው ሙዚቃ ላይ አዲስ ድምፅ መጫን በቃ። የሌላው ዋና ቴፕ ግን ተሰርዞ ስለነበር ሙዚቃውን እንደ አዲስ ተጫወቱት። ስለዚህ የዘፋኝ ድምፅ የሌለበትን ሙዚቃ ለብቻው አስቀምጡ።

ጊታር ተጫዋቹ (ይቆይ ባይ)፦ ወንድምዓለም፣ እነሱም ቢሆኑ ከዚያ ወዲያ አልደገሙትም። «ልቤ» ስትል መጨረሻው አናባቢ ነው፤ ዘፋኙ እስትንፋሱ እስኪያልቅ ይጎትተዋል። የጀርመንኛው ልብ፣ «ሄርትስ»፣ ግን በ«ር»፣ «ት»፣ «ስ» ተከርችሟል፤ አምባሰል ላይ ምኑን ትጎትተዋለህ? የወል ቤቱ ስድስት ስድስት ቀለምም ይፈርሳል፤ ሰምና ወርቁማ አይነሣ።

ይልቅ የሚያስፈራው ጊታሩ ነው። ከኢ ኖታ ሲነሣ አምባሰል ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ነው። ድምፁን በሚያሻክረው ዲስቶርሽን የሚመታው ፓወር ኮርድ መነሻውንና፣ በሰባቱ ኖታዎች ሲቆጠር፣ አምስተኛውን ድምፅ ይይዛል፦ ኢ ከቢ፣ ኤፍ ከሲ፣ ኤ ከኢ። ሦስቱም ቅኝቱ ውስጥ አሉ። ቢ ላይ ከተረገጠ ግን ኤፍ ሻርፕ፣ ከኤፍ ግማሽ ድምፅ ከፍ ያለው፣ ሰተት ብሎ ይገባል፤ ሲ ላይ ደግሞ ጂ። የአምባሰል ትካዜ ከኢ ወደ ኤፍ ባለችው ግማሽ ድምፅ ላይ ናት፤ ኤፍ ሻርፕ አጠገቧ ሲንጫጫ ትጠፋለች። ቢ ላይ ቢንና ከላዩ ያለውን ኢን ብቻ መያዝ ነው። ይህ ከተስተካከለ ጀርመኑ በአማርኛውም ይሰማዋል። የማሕሙድ አህመድ ሥራ በ1986 እ.ኤ.አ. ብራስልስ በሚገኘው የሙዚቃ አሳታሚ ክራምድ ዲስክስ ሲታተም በአማርኛ አልነበረም እንዴ?

ግጥም ጸሐፊው፦ የኮርዱ ነገር ሸጋ ነው፣ ተቀብያለሁ። የማሕሙድ ግን አልበም ነበር። ደግሞስ ሁሉም ይዙር ማን አለ? የእንግሊዙ ሮክ ባንድ ክዊን በ1977 እ.ኤ.አ. ለጃፓን ብቻ ያወጣው ነጠላ ዜማ ስንኙ እንግሊዝኛ ሆኖ አዝማቹ ውስጥ ጃፓንኛ ገብቶበታል። እኛም አዝማቹን ብቻ እናዙር፤ «ሄርትስ»ን ትተን በአናባቢ የሚያልቅ ቃል እንምረጥ። ርዝመቱም ይቆረጥ፦ ሰባት ኢንች ሸክላ በደቂቃ 45 ዙር ሲሽከረከር አንድ ገጹ ከአራት ደቂቃ ተኩል ካለፈ መስመሮቹ ይጠባሉ፣ ድምፁም ዝቅ ተደርጎ ነው የሚቀረጸው። የመሰንቆው መግቢያ ይጠር።

ጊታር ተጫዋቹ፦ መግቢያው ይጠር፣ አብሽር። ጀርመንኛው አዝማች ግን ሁለተኛው ገጽ ላይ ይሁን፤ ፊተኛው የአማርኛው ነው።

ግጥም ጸሐፊው፦ ሬዲዮ የሚያጫውተው ፊተኛውን እኮ ነው!

ጊታር ተጫዋቹ፦ ለዚያ ነዋ።