እድር እኮ ለቀብር ነው

«ሐበሻ ብቻውን አያረጅም» የሚል ጽሑፍ አነበብኩና አሳቀኝ። እኔ 61 ዓመቴ ነው። አላገባሁም፣ አልወለድኩም፣ ወንድሜም ከሞተ ቆየ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት የለም። ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ከታች በጀሪካን መሸከም አለ፣ ጉልበቴ ደግሞ ከሁለተኛው ፎቅ በላይ እሺ አይልም፣ እና የጎረቤት ልጅ ከትምህርት ቤት እስኪመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ እጠብቃለሁ።

እድር አለ ትሉኛላችሁ። አለ፣ በየወሩ እከፍላለሁ። ግን ድንኳን የሚተክሉልኝ ከሞትኩ በኋላ ነው! አምና መታጠቢያ ቤት ወድቄ ግማሽ ቀን ስተኛ ማንም አላወቀም። ጡረታም ቢሆን የግል ድርጅት ሠራተኛ የታቀፈው ገና በ2003 ዓ.ም. ነው፣ ቢያንስ 10 ዓመት ካላገለገሉ ደግሞ ወርሃዊ አበል የለም። በሰው ቤት ሲሠሩ ያረጁትን እናቶች እስቲ አስቧቸው።

ከወደቅኩ ወዲህ ትርፍ ቁልፌን ፊት ለፊት ላለችው ጎረቤቴ ሰጠኋት። ጠዋት በሬ ካልተከፈተ ታንኳኳለች። አርፍጄ የተኛሁ ቀንማ በሩን ልትሰብረው ትደርሳለች፣ ቡናዋን አፍልታ ነው የምትመጣው ግን።