ሊቀ ሻንጣ ዘጓንዡ

ሰሞኑን አንድ ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሟቹ ተረሱ። ንፍሮው ዞሮ፣ ካርታው ሊበወዝ ሲል፣ ከቻይና ከተመለሰ ገና ሦስተኛ ቀኑ የሆነ ነጋዴ ገባ። «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» አለ፤ ተቀመጠና ትንፋሹን ሳይሰበስብ «እነዚህ ሰዎች እኮ ባቡር ሠርተዋል!» ብሎ ስልኩን አወጣ። የሟች ወንድም ለአንድ አፍታ ቀና ብሎ አየውና ጋቢውን ወደ ፊቱ ሳበው።

ይህን ሰው ታውቁታላችሁ። ሠርግ ላይ ከጎናችሁ ተቀምጦ ክትፎው እስኪቀዘቅዝ ስለ ሼንዘን ፎቆች ነግሯችኋል። ዕቁብ ላይ ዕጣ ሊወጣ ሲል «በእነሱ አገር ቢሆን ኖሮ» ብሏል። እኛ ግን ዛሬ ልናመሰግነው ነው የተነሣነው።

ደግሞስ እንዴት አይመሰገን? የቅኔ ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ እየለመነ፣ ከውሻ እየተከላከለ ዓመታት ይንከራተታል፤ ያውም አንድ ጉባኤ ለመጨረስ። የኛ ሊቅ የሩቅ ምሥራቅን የሺህ ዓመታት ሥልጣኔ በሰባት ቀን፣ ቁርስ ባለው ሆቴል አድሮ አጠናቆት ተመልሷል። ከሰባቱ ቀን አንድ ተኩሉ በረራና ሰልፍ ነው። ግማሽ ቀኑ ሻንጣ ሲመዘን ያልቃል፦ ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ከዚያ የተረፈው ጫማ እጅ ላይ፣ ከዚያም የተረፈው ሦስት ጃኬት ገላ ላይ፣ በዚያ ሙቀት። በቀረችው ጊዜ የአንድ ቢሊዮን አራት መቶ ሚሊዮን ሕዝብ ጠባይ መርምሮ ደምድሟል። «ሊቀ ሻንጣ ዘጓንዡ ወዘሻንጋይ» የሚለው ማዕርግ እንኳ ያንሰዋል።

ትምህርቱ የሚጀምረው ጓንዡ ነው። ሆቴል የሚይዘው ሺያኦቤይ ነው፤ አፍሪካዊ ነጋዴ የሚበዛበት ሰፈር ስለሆነ አንድ ቃል ቻይንኛ ሳይተነፍስ ውሎ ያድራል፤ ከዚያ «ቻይናዎችን ጠንቅቄ አውቃቸዋለሁ» ይለናል። ቀጥሎ ዪዉ። የዪዉ የጅምላ ገበያ 75 ሺህ ያህል ሱቅ አለበት። አንድ ሰው በየሱቁ ሦስት ደቂቃ ብቻ እየቆመ፣ በቀን ስምንት ሰዓት፣ ምሳ ሳይበላ ቢዞር ከ460 ቀን በላይ ይፈጅበታል። ሊቃችን ማክሰኞ ጠዋት ገብቶ ረቡዕ ከሰዓት «ዪዉን ጨርሼዋለሁ» ብሎ ወጥቷል።

ስለ ቴክኖሎጂያቸው ሁለት ነገር ይደጋግማል፤ «ኔትወርክ የላቸውም» እና «ካሽ አይቀበሉም»። ኔትወርክማ ሞልቷል። እዚያ ዝግ የሆኑት ጎግል፣ ቴሌግራምና ዋትሳፕ ናቸው፤ ቪፒኤን ከአዲስ አበባ ጭኖ ያልሄደ ሰው ደግሞ እዚያ ደርሶ ላውርድ ቢል ማውረጃው ራሱ አይከፈትለትም። ሮሚንግ የገባ ሲም ግን ይሠራል፤ መስመሩ ዞሮ በአገር ቤት በኩል ስለሚወጣ። ክፍያውም ቢሆን አሊፔይ በሚባለው የስልክ መክፈያ ላይ ፓስፖርትና የውጭ ካርድ ቀድሞ አስመዝግቦ መሄድ ነው፤ ከ200 ዩዋን በታች ኮሚሽን የለም፣ ከዚያ በላይ 3 በመቶ ይቆረጣል። ይህን ማወቅ ግን ሊቅነትን ያሳንሳል። ሊቃችን ውሃ ሊገዛ የመቶ ዶላር ኖት ይዞ ሱቅ ደጃፍ ቆሞ «የወደፊቱን ዘመን አየሁት» አለ። ውሃውን አላገኘም።

አሁን ወደ ባቡሩ። እሱ አላለፈውም፤ እኛም አናልፈውም።

የሻንጋይ የማግኔት ባቡር ነው። ከፑዶንግ ኤርፖርት ተነሥቶ፣ ከመስመሩ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ እየተንሳፈፈ 30 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሊቁ «የቻይና ጭንቅላት» የሚለው ቴክኖሎጂ የጀርመን ነው፤ ይሁን። የመጀመሪያው ምሽት ትረካ ላይ ፍጥነቱ በሰዓት 431 ኪሎ ሜትር ነበር። በማግስቱ 500 ገባ። በሰልስቱ 600 አለፈ፤ ለአርባው ድምፅን ይቀድማል ብለን እንጠብቃለን። 431 ሐሰት አልነበረም፤ ባቡሩ ግን ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ከ300 አያልፍም። ቪዲዮው ላይ የፍጥነት ማሳያው ሲመጣ አውራ ጣቱ ስክሪኑ ላይ የምታርፈው ለዚህ ነው።

«በስምንት ደቂቃ ከተማ ገባሁ» ይላል። ባቡሩ ከተማ አይገባም። ሎንግያንግ መንገድ የሚባል ጣቢያ ላይ አውርዶት ያበቃል፤ ከዚያ በርበሬና ሽሮ የያዘውን ሻንጣ እየጎተተ በሜትሮ መስመር ቁጥር 2፣ እንደማንኛውም ሰው ቆሞ ነው መሃል ከተማ የሚደርሰው።

«ይህ ባቡር ከቦሌ መገናኛ ቢዘረጋ!» ይላል ደግሞ። እሺ፣ እንዘርጋለት። ባቡሩ 431 ለመድረስ ከ10 ኪሎ ሜትር በላይ መንደርደር አለበት፤ ለመቆምም ያንኑ ያህል። ሻንጋይ ላይ እንኳ ሙሉ ፍጥነቱ ላይ የሚቆየው አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ነበር። ከቦሌ መገናኛ አምስት ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እንግዲህ ሊቃችን ቦሌ ተሳፈረ። ባቡሩ ተንደረደረ፤ ገና ሳይሞቅ መገናኛን አለፈ። «ወራጅ አለ!» አለ አንዱ። ወራጅ የለም። አያት አካባቢ ሙሉ ፍጥነቱን ያዘ፤ ያዘና ወዲያው ፍሬን መርገጥ ጀመረ፤ ለገጣፎን አልፎ ሰንዳፋ መንገድ ላይ፣ ጤፍ ማሳ ዳር፣ ቀስ ብሎ ቆመ። ሰባት ደቂቃ! ተሳፋሪው አጨበጨበ። ገበሬውም በሬዎቹን አቁሞ አየ። ከዚያ መገናኛ ለመመለስ ሚኒባስ ያስፈልጋል። ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ «መገናኛ፣ መገናኛ፣ አንድ ሰው የቀረው!» ይላል፤ የሚቀረው ዘጠኝ ነው። ሊቃችን ከሁለት ሰው ጋር ተጠጋግቶ ተቀመጠ። ለገጣፎ ላይ መኪና ተዘጋጋ። ሲኤምሲ ላይ ረዳቱና አንዲት ሴትዮ በመልስ ተጨቃጨቁ። ሁለት ሰዓት ከሩብ ቆይቶ መገናኛ ወረደና «ባቡሩ እኮ ሰባት ደቂቃ ነው የፈጀብኝ» አለ። አንድ ሽማግሌ ድንኳኑ ውስጥ «ልጄ፣ መገናኛ የሚወርደው ሰው ከመጀመሪያው በእግሩ ቢሄድስ?» ብለው ጠይቀው ነበር፤ ቪዲዮው እንደገና ስለተከፈተ መልስ አላገኙም።

ቶኪዮ ሁለት ሌሊት አድሯል፤ ስለዚህ ጃፓንንም ያስተምራል። «ሰዓት ማክበር በደማቸው ነው!» ይላል። በ2017 (እ.ኤ.አ.) ኅዳር ላይ ቶኪዮ አቅራቢያ የሚሠራ አንድ የባቡር ድርጅት፣ ባቡሩ 20 ሴኮንድ ቀድሞ በመነሣቱ ይቅርታ ጠይቋል፤ እውነት ነው። ሊቃችን ይህን የሚተርክልን ግን ለሁለት ሰዓት ቀጠሮ አራት ሰዓት ተኩል ደርሶ፣ የመኪና ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ እየወረወረ ነው። ደም አይደለም ወንድሜ። ሺንካንሰን የሚባለው ፈጣን ባቡራቸው በ1964 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር የራሱ ሐዲድ ተዘረጋለት፤ የነባሩ ሐዲድ ስፋት 1,067 ሚሊ ሜትር ነው፣ የእሱ 1,435። የጭነት ባቡር አይገባበትም፤ መኪናም ከብትም የሚያቋርጠው ቦታ የለም፤ ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ተሳፋሪ አይጫንም፣ ሐዲዱ የሚጠገነው ያኔ ነው። የከተማው ባቡር በጥድፊያ ሰዓት ሲዘገይ ደግሞ ጣቢያው ለአለቃህ የምታሳየው የመዘግየት ማረጋገጫ ይሰጥሃል። ደም ቢሆን ኖሮ ወረቀቱ ባላስፈለገ።

ደግሞ ጽዳቱ አለ። ቶኪዮ ጣቢያ የገባ ሺንካንሰን ተመልሶ እስኪወጣ 12 ደቂቃ አለው፤ ለመውረድ ሁለት፣ ለመሳፈር ሦስት፣ ለጽዳት ሰባት። በነዚያ ሰባት ደቂቃዎች አንዲት ሠራተኛ 100 ያህል መቀመጫ ያለውን ፉርጎ ትረከባለች። የተረሳ ዕቃ ትፈልጋለች፣ ቆሻሻውን ወደ መተላለፊያው ታወጣለች፣ መቀመጫዎቹን ወደ ጉዞው አቅጣጫ ታዞራለች፣ ጠረጴዛዎቹን አንድ በአንድ ትወለውላለች፣ ትጠርጋለች፤ ወርዳም እጅ ትነሣለች። ሊቃችን ይህን ሲተርክ ዓይኑ እንባ ያቀራል። «ለጽዳት ሠራተኛ ያላቸው ክብር!» የራሱን ቢሮ ስምንት ዓመት ሙሉ የጠረገችለትን ሴትዮ የሚጠራት «አንቺ» ብሎ ነው፤ ስሟን አያውቅም። መንገዱ ላይ የቆሻሻ መጣያ እንኳ እንደሌለ፣ ሁሉም ቆሻሻውን ይዞ ቤቱ እንደሚገባ ይነግረናል። (መጣያዎቹ የተነሡት በ1995 (እ.ኤ.አ.) በቶኪዮ የምድር ውስጥ ባቡር ሰው ሳሪን በሚባል መርዝ ጋዝ ከተገደለ በኋላ ነው፤ ለጽድቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ።) ተርኮ ሲጨርስ የመኪናውን መስኮት ዝቅ አድርጎ የውሃ ፕላስቲኩን አስፋልቱ ላይ ይለቃል።

ሴኡልን የሚያስታውሳት በመብራቷ ነው። ከዚያ በባቡር ከአንድ ሰዓት ብዙም በማይበልጥ መንገድ፣ ቹንቾን ከተማ፣ ጣሪያው በጎጆ ቤት አምሳል የተሠራ አዳራሽ አለ፤ ኮሪያ ዘምተው የተዋጉት የቃኘው ሻለቃ ወታደሮቻችን የሚታሰቡበት። አልሄደም። የፊት ክሬም ሲመርጥ ቀኑ መሸ።

«ዋጋ አስወረድኩ» የሚለው ገድሉ ደግሞ አለ። ፋብሪካ ዋጋ ሲያወርድ ከኪሱ አይከፍልም፤ ከዕቃው ላይ ይቀንሳል። በካሬ ሜትር 180 ግራም የነበረው ካናቴራ 140 ይሆናል፤ ባለ አምስት ንጣፍ ካርቶን ባለ ሦስት ይሆንና ኮንቴነሩ ውስጥ የታችኛው ረድፍ ተጨፍልቆ ሞጆ ይደርሳል። መላው የታወቀ ነው፤ ሁለቱም ወገን የፈረሙበት ናሙና ማስቀመጥ፣ 30 በመቶ ቀብድ ከፍሎ ቀሪውን 70 የሚለቁት ዕቃው ከመጫኑ በፊት ካርቶን ተከፍቶ ሲታይ። ሊቃችን ግን ፎቶ ተልኮለት «ኦኬ» ብሎ ከፈለ። ዕቃው ሲደርስ ምን አለ? «የቻይና ዕቃ ጥራት የለውም፤ የኛም ሕዝብ ርካሽ ይወዳል።»

እዚህ ላይ ሽሙጡን እናስቀምጠው። ሊቃችን፣ ይህ ላንተ ነው። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልታስመጣ ስትሄድ ፋብሪካው ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዓይነት ደረደረልህ። አንዱ ንጹሕ መዳብ ነው፣ ውፍረቱ 2.5 (ካሬ ሚሊ ሜትር) ተብሎ 2.5 የሆነ። አንዱ መዳብ ሆኖ የቀጠነ። ሦስተኛው መዳብ የለበሰ አሉሚኒየም። ሦስተኛውን የመረጥከው አንተ ነህ። «ላዩ ላይ 2.5 ብለህ አትምልኝ» ያልከውም አንተ ነህ። መቶ ሜትር 2.5 ሽቦ መዳቡ ብቻ 2 ኪሎ ከ200 ግራም ይመዝናል፤ ያንተ ጥቅል ከነፕላስቲኩ ያን አይሞላም፣ ሲለካም 90 ሜትር ነው። የእንጀራ ምጣድ 3,500 ዋት ቢስብ በ220 ቮልት 16 አምፒር ነው። 2.5 ተብሎ 1 የሆነ ሽቦ በዚያ አምፒር ሁለት እጥፍ ተኩል ሙቀት ያመነጫል፤ አሉሚኒየም ከሆነ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ በዚያ ላይ ብሎኑ ሥር እየላላ ይሄዳል፣ የላላው ይግላል፣ የጋለው ፕላስቲኩን ያቀልጣል። መብራት ሲመጣ ጠብቃ በሌሊት የምትጋግር እናት አለች፤ ልጆቿ በዚያው ክፍል ተኝተዋል። እሷ ርካሽ አልወደደችም። 2.5 የሚል አንብባ የ2.5 ዋጋ ከፈለች። ይህ ሌብነት ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

(ሽቦ የምትገዙ፣ ጫፉን ሁለት ሴንቲ ሜትር ልጣችሁ በምላጭ ፋቁት፤ ነጭ ከወጣ መልሱ። ጥቅሉንም ሚዛን ላይ አውጡት።)

ወደ ምስጋናችን እንመለስ። ለእናቱ ከቶኪዮ የሩዝ መቀቀያ አምጥቶላቸዋል፤ የተባረከ ልጅ ነው። የጃፓን ቤት መብራት 100 ቮልት ነው፣ የኛ 220። ሶኬት ላይ ሲሰካ «ጧ» ብሎ ሞተ። «የጃፓኑንም ቻይና መሥራት ጀመረች» አለ።

በዚህ ኦክቶበርም ይሄዳል አሉ። ሽቦው ላይ ስሙ ስለጠፋ ዘንድሮ ወደ ሕፃናት ልብስ ዞሯል። ካንቶን ፌር የሚባለው የንግድ ትርዒት ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ጓንዡ ላይ የሚካሄድ ነው፤ የበልጉም የመኸሩም በሦስት ዙር ይከፈላል። በመኸሩ ከኦክቶበር 15 እስከ 19 ማሽነሪ፣ ተሽከርካሪና ኤሌክትሮኒክስ፤ ከ23 እስከ 27 የቤትና የግንባታ ዕቃ፤ ልብስና የልጆች ዕቃ የሚታየው ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 4 ነው። ሊቃችን ትኬት የቆረጠው ለ14 ነው፤ መመለሻው 20። አዳራሹ ውስጥ የሚጠብቀው ትራክተር ነው። አደራ፣ ማንም ቀድሞ እንዳይነግረው፤ ትራክተሩ ላይ ወጥቶ፣ መሪውን ጨብጦ፣ በሦስት ጃኬት የሚነሣው ፎቶ ለአርባው ይደርስልናል።