ለማትበላ ልጅ ቫይታሚን መፍትሔ አይሆናትም

ልጅቷ ከስታለች። ፀጉሯ ማበጠሪያው ላይ እየቀረ ነው። ምሳ ሲቀርብ «ጨጓራዬን አሞኛል» ትላለች። እራት ላይ ደግሞ «ከጓደኞቼ ጋር በልቼ ነው የመጣሁት»። ቤተሰብ ይጨነቃል። ፋርማሲ ይኬድና መልቲቫይታሚን ይገዛል፣ የፀጉር ቫይታሚን ይጨመራል፣ አሜሪካ ያለች አክስት ደግሞ «አንቲኦክሲደንት» የተጻፈበት ትልቅ ብልቃጥ በሰው ትልካለች። ሁሉም የሚደረገው ከፍቅር ነው። ግን ብልቃጡ ልጅቷን አያድናትም፣ ጊዜዋንም ያባክንባታል።

የማወራው ስለ አኖሬክሲያና ቡሊሚያ ነው። አኖሬክሲያ የያዘው ሰው መወፈርን ከመጠን በላይ ይፈራል፣ ሰውነቱ እስኪጎዳ ድረስ ራሱን ከምግብ ይከለክላል። ቡሊሚያ ያለበት ደግሞ በአንዴ በጣም ብዙ ይበላና ራሱን አስገድዶ ያስመልሳል፣ ወይም በሚያስቀምጥ መድኃኒት፣ ወይም በማያባራ ስፖርት ሊያወጣው ይሞክራል። ብዙውን ጊዜ የሚጀምሩት በአፍላ ዕድሜ ነው። ወንዶችም ይታመማሉ። አኖሬክሲያ ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ሰው ከሚገድሉት አንዱ ነው፤ «ዳይት አበዛች» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። እስቲ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ስላለችው የደሴት አገር፣ ስለ ፊጂ፣ ልንገራችሁ። እዚያ ደንደን ያለ ሰውነት ይወደድ ነበር፣ እኛ ዘንድ «ወፈርሽ፣ ተመቸሽ» ማለት ሙገሳ እንደነበረው። እ.ኤ.አ. በ1995 ናድሮጋ ወደሚባለው አካባቢ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የተባሉ የሃርቫርድ ተመራማሪ ያኔና ከሦስት ዓመት በኋላ ተማሪ ልጃገረዶችን ጠየቁ። በ1995 ክብደት ለመቀነስ ብላ ራሷን የምታስመልስ አንዲትም አልተገኘችም። በ1998 ግን 11.3 ከመቶዎቹ እናደርገዋለን አሉ። ይህ የሆነው ገና ቴሌቪዥን ብቻ በነበረበት ጊዜ ነው። ዛሬ አዲስ አበባም ሆነ ሪያድ ያለች የ14 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ቲክቶክ አለ።

አንቲኦክሲደንት የሚሸጡት ሰዎች «ሴሎችን ከጉዳት ይጠብቃል» ይላሉ። ከሚሉት ግማሹ እውነት ነው፣ ችግሩም እዚያ ላይ ነው። ሴሎቻችን ምግብን በኦክስጅን እያቃጠሉ ጉልበት ያወጣሉ። ምድጃ ሲነድ ጭስ እንደማይቀር ሁሉ፣ እዚያም ፍሪ ራዲካል የሚባሉ ሞለኪውሎች ይፈጠራሉ። እነዚህ ያገኙትን ሁሉ ይጎዳሉ፤ የሴሉን ስስ ሽፋን፣ ፕሮቲኑን፣ ዲኤንኤውን ሳይቀር። ጤነኛ ሰውነት ያከሽፋቸዋል፤ አንቲኦክሲደንት የሚባሉት እነዚህ ማክሸፊያዎች ናቸው። እነሱ ሲበዙ ወይም መከላከያው ሲያንስ ነው ኦክሲዴቲቭ ስትረስ የሚባለው ነገር የሚመጣው።

መከላከያው ታዲያ ከምን ይሠራል? ዋነኛው ግሉታታዮን ይባላል። ሰውነት ራሱ ነው የሚሠራው፣ ከሦስት አሚኖ አሲዶች፤ የእነሱ ምንጭ ደግሞ ፕሮቲን ነው፣ ማለትም ምስሩ፣ ሽሮው፣ እንቁላሉ፣ ሥጋው። ግሉታታዮንን ሥራ ላይ የሚያውለው ኢንዛይም ሴሌኒየም ይፈልጋል። ሌላው ኢንዛይም ዚንክና መዳብ ይፈልጋል፣ ሌላው ደግሞ አይረን። ይህም አይበቃም። አንዴ ያገለገለውን ግሉታታዮን አድሶ ወደ ሥራ ለመመለስ ሰውነት በአብዛኛው ግሉኮስን ይጠቀማል፣ ያም ልጅቷ ከሁሉ አብልጣ የምትፈራው እንጀራ ነው። ስለዚህ የጎደላት አንድ ቫይታሚን አይደለም። ሁሉም ነው የጎደላት፣ በአንድ ጊዜ።

«ካልበላች የሚቃጠል ነገር የለም፣ ፍሪ ራዲካሉስ አይቀንስም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ሰውነት ግን ማቃጠሉን አያቆምም። ስቡን ያቃጥላል፣ ጡንቻውንም ያቃጥላል፤ ልብም ጡንቻ ነው። በዚያ ላይ ብዙዎቹ ልጆች በባዶ ሆዳቸው በራቸውን ዘግተው ስፖርት ይሠራሉ፣ ይህ ደግሞ የፍሪ ራዲካሉን ጫና ይጨምራል። አንጎል ከሰውነታችን ክብደት 2 ከመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ከኦክስጅናችን 20 ከመቶ ገደማውን ይወስዳል። ቅባት የበዛበት አካል በመሆኑም ለዚህ ጉዳት የተጋለጠ ነው። የአሥራዎቹ ዕድሜ አንጎል ደግሞ ገና እየተሠራ ነው።

እዚህ ላይ ማጋነን አልፈልግም። አኖሬክሲያ ያለባቸውን ወጣቶች ደም መርምረው የኦክሲዴቲቭ ስትረስ ምልክቶች ያገኙ ጥናቶች አሉ፤ ግን ብዙዎቹ በጥቂት ሰዎች ላይ የተሠሩ ናቸው፣ ውጤታቸውም ሁልጊዜ አይገጥምም። የሕመሙ መንስኤ ነው ወይስ ረሃቡ ያመጣው የሚለው ክርክርም አልተቋጨም። እኔ ረሃቡ ነው ወደሚለው አዘነብላለሁ።

ለምን ብትሉ፣ ይህ ነገር በሌላ ሕመም ላይ ተሞክሯል። ክዋሽዮርኮር የሚባለው ከባድ የምግብ እጥረት ሕመም የያዛቸው ሕጻናት፣ እነዚያ እግራቸው የሚያብጥ ልጆች፣ ግሉታታዮናቸው በጣም ዝቅ ብሎ ይገኛል። ታዲያ አንቲኦክሲደንት ቀድሞ ቢሰጣቸው ይከላከልላቸው ይሆን ተብሎ ማላዊ ውስጥ ከ2,000 በላይ ሕጻናት ላይ ተሞከረ፤ ቫይታሚን ኢ፣ ሴሌኒየም፣ ሪቦፍላቪንና የግሉታታዮን መሥሪያ የሚሆን ንጥረ ነገር ተሰጣቸው። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ታተመ። አልተከላከለም። በየጤና ኬላው ለተጎዳ ሕጻን የሚሰጠው ፕላምፒነት ግን ኦቾሎኒ፣ የወተት ዱቄት፣ ዘይትና ስኳር አለው፤ ቫይታሚኑና ሚኒራሉም እዚያው ውስጥ ነው። ምግብ ነው።

አእምሮም የሚሻለው በምግብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 አሜሪካ፣ ሚኒሶታ ውስጥ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶች ወደው ለስድስት ወር ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰባቸው። ተነጫነጩ፣ ተከዙ፣ ከሰው ራቁ፣ ሌት ተቀን ስለ ምግብ ብቻ ማሰብ ጀመሩ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍት ያነቡ ነበር። የማትበላዋ ልጃችሁ ለሰው ኬክ እየጋገረች፣ የወጥ አሠራር ቪዲዮ ስታይ የምታመሽ ከሆነ ጠባይዋ ተበላሽቶ አይደለም። ርቧታል።

ለታዳጊዎች የሚሠራ ሕክምና አለ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለንደን ባለው ሞድስሊ ሆስፒታል የተጀመረ ነው። ወላጆች ለጊዜው የምግቡን ውሳኔ ይረከባሉ። ልጅቷ ምን እንደምትበላ አትጠየቅም፣ ይቀርብላታል፤ እናት ወይም አባት እስክትጨርስ አጠገቧ ይቀመጣሉ። ቁጣ የለም፣ ማሳፈር የለም። እየተሻላት ሲሄድ ውሳኔው ቀስ በቀስ ይመለስላታል። ይህ በሐኪም እየተመራ የሚደረግ ነው፣ ሆኖም ከእኛ ቤት ጋር የሚሄድ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ብቻ መለወጥ አለበት፣ ይከብዳል ግን ልበለው። ከአንድ ትሪ መብላቱ ለጊዜው ይቅር። ትሪ ላይ ማን ምን ያህል እንደበላ አይታወቅም። ልጅቷ እንጀራውን ትቆራርሳለች፣ ወጡን ወዲያ ወዲህ ታደርጋለች፣ ታናሽ ወንድሟን ታጎርሳለች፣ ከዚያ ሁለት ጉርሻ ሳትበላ እጇን ታጥባ ትነሳለች፤ ቤቱ ሁሉ እንደበላች ነው የሚያውቀው። ለብቻዋ በሳህን ይቅረብላት፣ እናንተም አብራችኋት ብሉ።

ጾምም እንዲሁ ይሸፍንላታል። ዓቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ «ለምን አልበላሽም?» የሚላት የለም። ለንስሐ አባቷ ታማለች ብላችሁ በግልጽ ንገሯቸው። የታመመ ሰው ከጾም እንደሚፈታ እሳቸው ከማንም በላይ ያውቃሉ። በረመዳንም ለታመመ ሰው ተፈቅዷል።

ሐኪም ጋ ስትሄዱ «ጨጓራ ነው» ብላችሁ አትጀምሩ። ከመቼ ወዲህ መብላት እንዳቆመች፣ ስንት ኪሎ እንደቀነሰች፣ የወር አበባዋ ቀርቶ እንደሆነ፣ ከምግብ በኋላ ሽንት ቤት ትቆይ እንደሆነ ንገሩ። የልብ ምቷና የደም ግፊቷ ተኝታም ቆማም ይለካ፣ ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ትነሳ፣ ፖታሲየምና ፎስፈረስ ይታይላት። ይህን በሽታ ይዘው የተለመደው የደም ምርመራ ደህና የሚሆንላቸው ብዙ ናቸው፣ ስለዚህ «ደሟ ንጹህ ነው» በሚል ብቻ እንዳትመለሱ። የአእምሮ ሐኪም እንዲያያትም ጠይቁ። ደግሞ ለረጅም ጊዜ ሳትበላ ከቆየች ቤት ውስጥ በአንዴ በግድ አታብሏት፤ ፎስፈረሷ በድንገት ወርዶ ልቧን ሊያቆመው ይችላል፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ምግብ በሐኪም ክትትል ነው የሚጨመረው።