ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?

እህቴ ቤት ነኝ። የካ አባዶ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ። እሁድ ጠዋት ቡና ሊፈላ ነው። እኔ በስልኬ ቤትሆቨን የተባለውን የድሮ ጀርመናዊ የሙዚቃ ደራሲ ሥራ ከፍቼ በትንሿ ስፒከር እያሰማሁ ነው። እህቴ አምስት ደቂቃ ያህል ታገሠችኝ። ከዚያ የቡና መቁያውን እንደያዘች ብቅ አለችና «ዘፋኙ መቼ ነው የሚገባው?» አለች።

«ዘፋኝ የለውም።»

«እና ይሄ ሁሉ መግቢያ ነው?»

ሳቅኩ። እሷ ግን የምሯን ነው። በኋላ ሳስበው ጥያቄዋ ቀላል አይደለም። እኛ ቃል አዳማጮች ነን። አዝማሪ ማሲንቆውን ሲገዘግዝ እንኳ ጆሯችን የቆመው ቀጥሎ ለሚመጣው ስንኝ ነው። ሰሙን ይዘን ወርቁን እናሳድዳለን። መሣሪያው ብቻውን ሲሆን ወንበር እንስባለን፣ አስተናጋጅ እንጠራለን፣ ወሬያችንን እንጨርሳለን። ለእህቴ ቤትሆቨን ማለት አርባ ደቂቃ ሙሉ ወንበር መሳብ ነው።

እናታችን ደግሞ ሌላ ጣጣ አለባት። ቀስ ያለ፣ ቃል የሌለው ሙዚቃ ከሰማች «ማን ሞተ?» ትላለች። አትፍረዱባት። በእሷ ዘመን ሬዲዮው ድንገት ዘፈኑን አቋርጦ እንዲህ ያለ ነገር ማሰማት ከጀመረ ደህና ወሬ አይከተለውም ነበር። እኔ ቫዮሊን ስከፍት እሷ ነጠላዋን ልታዘቀዝቅ ይዳዳታል።

እኔስ ብሆን መቼ በትምህርት አወቅኩት? በታክሲ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እነዳ ነበር። ኤርፖርት ተራ ስንጠብቅ እኛ ሐበሻ ሾፌሮች መኪናችንን አቁመን ፖለቲካ እንጨቃጨቃለን። ጭቅጭቁ አልቆ መኪናዬ ስገባ የሀገሬን ሬዲዮ ብከፍት ሌላ ጭቅጭቅ ይጠብቀኛል። ዘፈን ብከፍት ደግሞ ናፍቆቱ ሌሊቱን አያስነዳኝም። አንድ ማታ ጣቢያ ስቀያይር 90.9 ላይ ቆምኩ። ዌታ ይባላል። ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙሉ ቀን ክላሲካል ብቻ የሚያሰማ ጣቢያ ነው። ምን እንደሆነ ሳላውቅ ተውኩት። ቃል ስለሌለው ከማንም ጋር አላጣላኝም። የማን ወገን እንደሆንኩም አልጠየቀኝም።

ተሳፋሪዎች ግን ይጠይቁ ነበር። «ይሄን ለእኔ ብለህ ነው የከፈትከው?» ይሉኛል። አንዳንዴ አዎ እላለሁ። ቲፑ ስለሚሻል ነው፤ ምን ልዋሽ።

ከደንበኞቼ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ባላቸው ከሞቱ በኋላ በየጊዜው ወደ ኬኔዲ ሴንተር የማደርሳቸው እኔ ነበርኩ። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ያለው ትልቁ አዳራሽ ነው። አንድ ቀን «የባለቤቴ ትኬት በከንቱ እየቀረ ነው፤ መኪናህን አቁምና ግባ» አሉኝ። ገባሁ። የቤትሆቨን ሰባተኛ ሲምፎኒ ነበር፤ ሲምፎኒ ማለት ለሙሉ ኦርኬስትራ የተደረሰ፣ በክፍል በክፍል የሚሄድ ረጅም ሙዚቃ ነው። ናሽናል ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ነው የሚጫወተው። ሸሚዜ አልተተኮሰም፤ ከጎኔ ያሉት ሰውዬ ደግሞ ክራቫት አስረዋል።

መጀመሪያ ያየሁት ፀጉር ነው። ከበረንዳው ቁልቁል ሲታይ አዳራሹ ጥጥ የፈነዳበት ማሳ ይመስላል። ሁሉም ሽበት። ወጣት ብፈልግ ከኦርኬስትራው መሀል ካልሆነ አጣሁ። ሁለተኛ የገረመኝ ሳሉ ነው። ሲጫወቱ ማንም አይስልም። አንዱ ክፍል አልቆ ሌላው እስኪጀመር ባለችው ትንሽ ፋታ ግን አዳራሹ በአንዴ ይንደቀደቃል። ሳላቸውን አጠራቅመው ይዘው ቆይተዋል ማለት ነው።

ሦስተኛው የእኔው ጉድ ነው። የመጀመሪያው ክፍል በከባድ ድምፅ ሲያልቅ ደስ ብሎኝ አጨበጨብኩ። ብቻዬን። ሁለት ሺህ ሰው ዞሮ ያየኝ መሰለኝ። አሮጊቷ እጄን ያዝ አድርገው ፈገግ አሉ። እስከ መጨረሻው አይጨበጨብም ለካ።

ለረጅም ጊዜ አፈርኩበት። በኋላ ነገሩን ስከታተል የሰማሁት ግን ሆዴን አራሰው። ይሄው ሰባተኛ ሲምፎኒ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰማው ቪየና ውስጥ በታኅሣሥ 8 ቀን 1813 እ.ኤ.አ. ነው። ከናፖሊዮን ጋር በተደረገው ጦርነት ለቆሰሉ ወታደሮች ገንዘብ ማሰባሰቢያ ነበር። የመራው ራሱ ቤትሆቨን ነው፤ ጆሮው ያኔ በጣም ደክሟል። ታዲያ ሕዝቡ ሁለተኛውን ክፍል ሲሰማ ዝም አላለም። ይደገምልን ብሎ እዚያው መሀል ላይ አስደገመው። ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ሞዛርትም በ1778 እ.ኤ.አ. ከፓሪስ ለአባቱ በጻፈው ደብዳቤ፣ ሙዚቃው ሳያልቅ ሰው አጨበጨበልኝ ብሎ በኩራት ነው የሚያወራው። ዛሬ የምናየው ቤተ መቅደስ የሚመስል ዝምታ በኋላ የመጣ ልማድ ነው። እኔ አላጠፋሁም፤ ሁለት መቶ ዓመት ዘግይቼ ነው የገባሁት።

ይህን የማወራው ውጭ ያለው ሁሉ ይሰማል ብላችሁ እንዳታስቡ ነው። ጥር 12 ቀን 2007 እ.ኤ.አ.፣ እዚያው ዋሽንግተን፣ ጆሹዋ ቤል የተባለው ስመ ጥር ቫዮሊኒስት ኮፍያ አድርጎ ላንፋንት ፕላዛ በሚባለው የምድር ባቡር ጣቢያ ቆሞ ተጫወተ። ዋሽንግተን ፖስት ያዘጋጀው ሙከራ ነው። ቫዮሊኑ በ1713 እ.ኤ.አ. የተሠራ ስትራዲቫሪየስ ነበር፤ ከውዶቹ ሁሉ ውድ የሆነው ዓይነት። 43 ደቂቃ ተጫወተ፤ የታላቁን የሙዚቃ ደራሲ የባክን ሥራም ጨምሮ። 1,097 ሰው አለፈ። ደቂቃ እንኳ ቆመው የሰሙት ሰባት ናቸው። የተጣለለት ሳንቲም 32 ዶላር ገደማ። ልጆች ግን ሊቆሙ ይፈልጉ ነበር፤ እናትና አባት እየጎተቱ ወሰዷቸው።

እኔ ያን ቀን በጣቢያው ባልፍም አልቆምም ነበር። ሥራ ላይ ነበርኩ።

አሁን ወደ የካ አባዶ ልመለስ። እዚህ ዝምታ የሚባል ነገር የለም። ገና ሳይነጋ የቤተ ክርስቲያኑና የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ይጀምራል። ሲነጋ ቁራሌው። ቀጥሎ «መገናኛ! መገናኛ!» የሚለው የታክሲ ረዳት። ከሰዓት ከላይ ያለው ጎረቤት ግድግዳ ይሰረስራል። ማታ ውሾቹ ሲደክማቸው ከየካ ተራራ በኩል ጅብ ይቀበላል። በዚህ መሀል ቀስ ብሎ የሚጀምር ሲምፎኒ መስማት ሲኦል ነው፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ደቂቃዎች ቁራሌው ይወስዳቸዋል። አዳራሽ የተሠራው ለክብር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ ግድግዳው ነው ዋናው ነገር።

የእህቴ ልጅ አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። አንድ ቀን መሀል ከተማ ነፃ የፒያኖ ዝግጅት አለ ብሎ ይዞኝ ሄደ። ሰው ጢም ብሏል። እና የሚገርማችሁ ሽበት የለም! ሁሉም ወጣት። ግማሹ ስልኩን አንስቶ ይቀርጻል፤ ከፊት ለፊቴ ያለው ልጅ ደግሞ ስልኩን አንስቶ «ሄሎ! ኮንሰርት ላይ ነኝ! አይሰማህም?» ይላል። ፒያኒስቱ በትዝታ ቅኝት የተሠራ ቀስ ያለ ነገር ሲጀምር ግን አዳራሹ ጸጥ አለ። ማንም ዝም በሉ አላለም። የስልኩም ልጅ ዝም አለ።

ችግሩ መመለሻው ነው። ዝግጅቱ ያለቀው ከምሽቱ 3 ሰዓት ነው። መገናኛ ስንደርስ ወደ እኛ የሚሄድ ታክሲ የለም። በስልክ የሚጠራውን ታክሲ ብንደውል ሾፌሩ «የት ነው?» ይላል። የካ አባዶ ስንለው ይዘጋዋል። ሁለተኛው ዘጋው። ሦስተኛው መጣ፤ የጠየቀን ዋጋ ዋሽንግተን ሆኜ ለትኬት የምከፍለውን አስታወሰኝ። ልጁ «አየህ ጋሼ፣ ለዚህ ነው የማንሄደው» አለኝ። እዚያ ያሉ ጓደኞቼ «ሀገር ቤት ሰው ክላሲካል አይገባውም» ይላሉ። ይገባዋል። ታክሲ ነው የማይገኘው።

ለነገሩ የፈረንጅ ሙዚቃ ነው የሚሉትም ዘግይተዋል። ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ላይ ያገኟቸውን አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች አዲስ አበባ ካመጧቸው መቶ ዓመት አልፏል። አርባ ልጆች ነበር የሚባሉት፤ የማርሽ ባንድ የሆኑት እነሱ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሡን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ ሠራ። ግርማ ይፍራሸዋም ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ተነስቶ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ተምሮ ዛሬ የእኛን ዜማ በፒያኖ ያሰማል።

የእህቴ ልጅ ደግሞ የሚወዳቸው እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ነው። ቲክቶክ ላይ ነው ያገኛቸው። ጎራ ብሎ ያለፈ ቪዲዮ ከኋላው ፒያኖ ነበረው፤ ማን እንደሆነ ፈልጎ ደረሰባቸው። በ1923 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ የተወለዱ፣ በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ የተማሩ፣ ቆይተው ግሸን ማርያም የመነኮሱ፣ በ2023 መጋቢት ወር በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉ። ዓለም በሰፊው ያወቃቸው በ2006 እ.ኤ.አ. ሥራቸው በሲዲ ከወጣ በኋላ ነው። ልጁ ሲከፍትልን እናቴ «ማን ሞተ?» አላለችም። ትንሽ ዝም አለችና «ይሄስ የቅዳሴም ይመስላል፣ የትዝታም ነው» አለች። ሙዚቃ ተንታኝ ነኝ የሚል ሰው ገጽ ሙሉ የሚጽፍበትን ነገር ጎመን እየቀነጠሰች ጨረሰችው።

ከብሎካችን ምድር ቤት መሪጌታ አሉ። ከመሀል ከተማ በልማት ተነስተው ነው እዚህ የመጡት። በወጣትነታቸው ጎንደር አቋቋም፣ ማለትም የማኅሌቱን የመቋሚያና የከበሮ ሥርዓት የተማሩ ናቸው። አንድ ከሰዓት መብራት ሄዶ ሁሉም ሰው ወደ ታች ወረደ። መሪጌታ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ስፒከሬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ያንን ቪየናዎች ያስደገሙትን ሁለተኛውን ክፍል ከፈትኩላቸው።

ነገሩ ቀላል ነው። አንድ ምት አለው፦ ረጅም፣ አጭር አጭር፣ ረጅም፣ ረጅም። መጀመሪያ ወፍራም ድምፅ ያላቸው እነ ቼሎ ብቻቸውን፣ ቀስ ብለው ይይዙታል። ያው ምት ሳይለወጥ ሁለተኞቹ ቫዮሊኖች ይገባሉ። ከዚያ አንደኞቹ። በመጨረሻ ኦርኬስትራው በሙሉ። መሪጌታ አንገታቸውን ደፍተው ይሰማሉ። ሦስተኛው ዙር ላይ ጣታቸው መቋሚያቸው ላይ መምታት ጀመረ።

«ሰው እየጨመረ ነው» አሉ።

«አዎ።»

«በቁም ነው የተነሳው። አሁን ከበሮ ሊገባ ነው።»

ከበሮው ገባ! እኔ ምንም አልነገርኳቸውም። እሳቸው ግን መንገዱን ያውቁታል። ማኅሌት ላይ አንዱ ቃል መጀመሪያ በዜማ ብቻ ይባላል። ያው ቃል በመቋሚያ ይዘመማል። ከበሮ ገብቶ በመረግድ ይረግጣል። ቀጥሎ በጽፋት ይፈጥናል፤ ያኔ ነው ሴቶቹ እልል የሚሉት። ቃሉ ያው ነው፤ የሚለወጠው አካሄዱ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ቆሞ ይህን የሚከታተል ሕዝብ አርባ ደቂቃ ሲምፎኒ አይችልም ማለት ስድብ ነው። የሚያሳዝነኝ የእኔ ትውልድ ማኅሌቱንም በቅጡ አለመስማቱ ነው። እኔ ራሴ መረግድና ጽፋትን ከመሪጌታ የተማርኩት ያን ቀን ነው፤ ቤትሆቨንን ካወቅኩ ከስንት ዓመት በኋላ።

ሙዚቃው አለቀ።

«ቃሉ ምንድን ነው?» አሉኝ መሪጌታ።

«ቃል የለውም።»

«ምንም?»

«ምንም።»

ቅር አላቸው። «ታዲያ ምን ይዘው ነው የሚያዜሙት?» አሉ። መልስ አልነበረኝም። አሁንም የለኝም። ለእሳቸው ዜማ የቃል ልብስ ነው፤ ለባሽ የሌለው ልብስ ተሰቅሎ ማየት ግራ ያጋባል። እኔ ደግሞ ቃል ስለሌለው ነው የወደድኩት። የኤርፖርቱን ጭቅጭቅ ልነግራቸው አሰብኩና ተውኩት።

ዝም ብለን ተቀመጥን። የስልኬ ቻርጅ 11 በመቶ ላይ ነው፤ መብራት አልመጣም። መሪጌታ መቋሚያቸውን ከአንዱ ጉልበታቸው ወደ ሌላው አዛወሩ።

«እስቲ ድገማት» አሉ።

ደገምኳት። እህቴ ከአራተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ቁልቁል አየችን።

«አሁንም አልገባም?» ብላ ጮኸች።