«አብሽር» ውል አይደለም

የግራ እጄ ጠቋሚ ጣት ጫፍ የለውም። ብዙ ሰው አያስተውለውም። ደሴ ውስጥ እንጨት ቤት ስሠራ መጋዝ ነው የወሰደው። 2002 ነበር፤ ገና አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ። ጣውላው ጉጥ ነበረው። መጋዙ ጉጡ ላይ ሲደርስ ጣውላው ተፈናጠረ፣ እጄ ገባ። ሕመሙ ቶሎ አልመጣም። መጀመሪያ ያየሁት ሰጋቱራው ሲቀላ ነው።

አሠሪዬ ደግ ሰው ነበሩ። ይህን የምለው ለይሉኝታ አይደለም። ራሳቸው በባጃጅ ክሊኒክ አደረሱኝ፣ የስፌቱን ከፈሉ። ማታ ሙዝ ይዘው ቤት ድረስ መጡ። እናቴን «አብሽሪ» አሏት። እኔን «አብሽር፣ ጣትህ ሲድን ና» አሉኝ። ሲወጡ ትራሴ ሥር 200 ብር ሸጎጡ። በአራተኛው ሳምንት ስሄድ ማሽኑ ላይ ሌላ ልጅ ቆሟል። አልተቆጣሁም። ምን ብዬ ልቆጣ? የሁለት ዓመት ሠራተኛ ነበርኩ፤ መሥራቴን የሚናገር አንዲት ብጣሽ ወረቀት ግን አልነበረኝም።

ሕጉ ምን እንደሚል ያወቅኩት ዘግይቼ ነው። በሥራ ላይ ጉዳት የደረሰበት ሰው ሕክምናው በአሠሪው ነው። ሥራ መሥራት ካልቻለ የመጀመሪያዎቹን 3 ወራት ሙሉ ደመወዙን ያገኛል። ቀጥሎ ላሉት 3 ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት 6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል። ለጎደለ አካል ደግሞ ካሳ አለ። ሰውየው ሆን ብሎ ራሱን እስካልጎዳ ድረስ «ጥፋቱ የማን ነው?» አይባልም። ያኔ የነበረው አዋጅም፣ ዛሬ ያለው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011ም በዚህ አይለያዩም። እኔ ግን 200 ብርና ሙዝ ተቀብዬ «እግዜር ይስጥልኝ» ብያለሁ። ከልቤ ነበር ያልኩት።

ለወሎዬ ስለ «አብሽር» ማስተማር አይቻልም። ለቅሶ ላይ የወደቀውን የሚያነሳ ቃል ነው። ችግሩ ቃሉ የሌላ ነገር ቦታ ሲይዝ ነው። እኛ ጋ ብዙ አሠሪ ክፉ አይደለም። ክፉ አለመሆኑ ደግሞ ውል የሰጠ ያስመስለዋል። ልጅ ሲታመም ያበድራል፣ ለበዓል ዘይት ይሰጣል፣ ሰው ሲሞት ይደርሳል። ይህ ሁሉ ግን እሱ ደስ ሲለው የሚሰጥ ነው። ሲሞት ወይ ቤቱን ሲሸጥ አብሮት ይሄዳል።

«ዲሰንት ወርክ» የሚባል ነገር አለ። የዓለም ሥራ ድርጅት ከሃያ ዓመት በላይ ሲያቀነቅነው ኖሯል። ወደ አማርኛ ሲመጣ አንዱ «ምቹ ሥራ» ይለዋል፣ ሌላው «ክብር ያለው ሥራ»። ስብሰባ ላይ ገና አልተስማሙበትም። ደሴ ሰኞ ገበያ ላይ ብትጠይቁ ግን ቃሉ አለቀ፦ «ደህና ሥራ»። ደህና ሥራ ማለት ደግሞ የመንግሥት ሥራ ነው። ለምን ቢባል፣ ደብዳቤ አለው፣ ጡረታ አለው፣ የደመወዝ ወለል አለው። የመንግሥት ሠራተኛ ዝቅተኛ ደመወዝ በ2018 መጀመሪያ 6,000 ብር ሆኗል። ለግሉ ዘርፍ የ2011ዱ አዋጅ የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ካለ ስንት ዓመት አለፈ። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮ በየሚያዝያ 23ቱ ወለሉ ይወሰን እያለ ድምፁ ሊዘጋ ነው። እኔም ይወሰን ባይ ነኝ። ዛሬ የማነሳው ግን ከዚያ ቀድሞ የሚመጣውን፣ ማንንም ቦርድ የማይጠብቀውን ነገር፣ የውል ወረቀቱን ነው።

በቀደም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ የአክስቴ ልጅ ሚኒባስ ውስጥ አጋጠመችኝ። እሑድን ሐይቅ እናቷ ጋ አሳልፋ ወደ ሥራዋ እየተመለሰች ነበር። ሐረጎ ላይ እየተጠማዘዝን ስንወርድ ሙቀቱ ይቀበላል፤ ሰዉ ሁሉ ጃኬቱን ማውለቅ ይጀምራል። እሷም አወለቀች። ከውስጥ የፋብሪካውን ቲሸርት ለብሳለች። ልብስ ስፌት ላይ ኦፕሬተር ናት፣ 11 ወር ሆኗታል።

«ውል ፈርመሻል?» አልኳት።

«አዎ፣ ፈርሜያለሁ ጋሼ።»

«ምን ይላል?»

«እንግሊዝኛ ነው። ደግሞ ከኋላዬ ሰልፍ ነበር፣ ቶሎ በይ እያሉኝ።»

«ኮፒውስ?»

«እነሱ ጋ ነው።» የአነጋገሯ ነገር፣ ሌላ የት ሊሆን ኖሯል የሚል ነው።

ስልኳን አውጥታ የደመወዝ ወረቀቷን ፎቶ አሳየችኝ። ጡረታ፣ 210 ብር። «ይሄ የት ነው የሚሄደው?» አለችኝ። አሰላሁላት። ደመወዟ 3,000 ብር ነው፤ ከእሷ 7 በመቶ ይቆረጣል፣ አሠሪው በራሱ 11 በመቶ ይጨምራል፤ ያ 330 ብር ነው። ስለዚህ በየወሩ 540 ብር በስሟ መግባት አለበት። ዓይኗ ፈጠጠ። ገብቶ እንደሆን የምታውቅበት የጡረታ መለያ ቁጥሯን ግን አታውቀውም። ጡረታ ለመውጣት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ያስፈልጋል። ዛሬ እዚህ፣ ከርሞ ሌላ ሼድ እየሠራች ያንን 10 ዓመት በምን ልትቆጥረው ነው?

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የወረቀቱን ነገር አስቦበታል። ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የሥራውን ዓይነት፣ ቦታውን፣ ደመወዙንና ቆይታውን ጽፎና ፈርሞ ለሠራተኛው ይሰጣል። አለመስጠቱ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ጥሩ ነው። ግን ያለ ወረቀት መብትሽን ጠይቂ ማለት ምስክር ጥሪ ማለት ነው። ምስክሮቹ አጠገቧ የሚሰፉት ልጆች ናቸው። የእነሱም ውል «እነሱ ጋ» ነው።

የኮምቦልቻ አሠሪዎች የሚሉትንም ሰምቻለሁ፤ ከንቱ ቅሬታ አይደለም። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2009 ተከፈተ። ገና እግሩ ሳይተከል በጥቅምት 2014 ጦርነቱ ከተማዋ ገባ፣ ፋብሪካዎች ተዘረፉ። ታኅሣሥ ላይ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ያለ ቀረጥ ወደ ገበያዋ ከሚያስገባው ዕድል፣ አስወጣች። ገዢ ጠፋ፣ ማሽን ጠፋ። «አሠልጥነን ስንጨርስ ደግሞ ልጆቹ በደመወዝ ማግስት ይጠፋሉ» ይላሉ። እውነት ነው፣ ይጠፋሉ። በ3,000 ብር ለሦስት ቤት ተከራይተው የሚኖሩ ልጆች አሥር ብር ጭማሪ ያለበት ቢሄዱ ምን ይገርማል?

የማይገባኝ ግን ወረቀቱን የሚፈሩት ነገር ነው። «ወረቀት እጃችንን ያስረናል» ይላሉ። አያስርም። ሕጉ 60 የሥራ ቀን ሙከራ ይፈቅዳል። በዚያ ጊዜ ሠራተኛዋ ካልሆነች ያለ ማስጠንቀቂያ ማሰናበት ይቻላል፣ እሷም ትታ መሄድ ትችላለች። ግን የሙከራው ስምምነት በጽሑፍ መሆን አለበት። ወረቀት የማይሰጥ አሠሪ ሙከራውን ራሱ ያጣዋል። ይህን አንድ የማውቀው ባለ ብሎኬት ማምረቻ ስነግረው ዝም ብሎ አየኝና «ለምን እስከዛሬ አልነገርከኝም?» አለኝ። ኋላ ጸሐፊ ቤት ሄዶ አጽፏል።

ሌላም የሚገርመኝ ነገር አለ። ሐይቅ ያለችበት ተሁለደሬ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መጀመሪያ ከተሞከረባቸው ወረዳዎች አንዷ ናት። አክስቴ ዓመታዊ መዋጮዋን ከፍላ፣ ደብተሯን ይዛ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። የተቀጣሪዎች የጤና መድን ሕግ ደግሞ በ2002 ወጥቶ ዓመት እየተቆጠረለት ሲራዘም ኖሯል። ገበሬዋ እናት ደብተር አላት፤ ፋብሪካ የገባችው ልጅ ስትታመም ለእናቷ ትደውላለች። መቼም ይህን ጉድ ለሌላ አገር ሰው ማስረዳት ይከብዳል።

ወሎ የሃይማኖት አገር ነው፣ ስለዚህ በዚያ በኩል ልምጣ። ሠራተኛን ላቡ ሳይደርቅ ክፈሉት የሚለውን ሐዲስ የማያውቅ የለም፤ ገበያ ላይም ይጠቀሳል። ከቁርአን ረጅሙ አንቀጽ ግን አልበቀራ ውስጥ ነው፤ የሚያዘውም በዕዳ ስትዋዋሉ ጻፉት ብሎ ነው። ለምስክርም የሚቀናው፣ ከጥርጣሬም የሚያርቀው እሱ ነው ይላል። ሸኾቹ ከእኔ በላይ ያውቁታል። በእምነት የሚኖር ሰው እርስ በርሱ ይተማመናልና መጻፍ አያስፈልገውም የሚለው ወግ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከዚያ አንቀጽ እንዳልሆነ ግን እርግጠኛ ነኝ።

ቁጥጥሩ ላይ ብዙ አልልም። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ በየፋብሪካው ዞሮ ሁሉን ሊያዳርስ አይችልም፤ ሰውም መኪናም ያንሳል። አንድ ጥያቄ ግን ለመጠየቅ መኪና አያስፈልግም። ጠዋት የፋብሪካ በር ላይ ቆሞ የሚገቡትን ልጆች «የውልሽ ኮፒ አለሽ?» ማለት ነው። ለግማሽ ሰዓት ያህል።

የአክስቴን ልጅ መናኸሪያው ጋ ስንወርድ ኮፒዋን እንድትጠይቅ ነገርኳት። ሳቀች። «ይጠምዱኛል» አለችኝ። ብቻሽን አትሂጂ፣ ሦስት አራት ሆናችሁ ግቡ አልኳት። ሐሙስ ማታ ጻፈችልኝ። አምስት ሆነው ገብተዋል። «ማክሰኞ ኑ» ተብለዋል። ማክሰኞ ሄዱ፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበር።