ይድረስ ለእጅ ሰዓቴ፦ ጉዳዩ፣ ስላልተቃጠለ ካሎሪ

ጌታው፣ እንደምን ከርመሃል? እኔ ከሦስት ኪሎ ጭማሪ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የዛሬ ሳምንት ማክሰኞ የሆነውን መቼም አትረሳውም። ገና ጎህ ሳይቀድ ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየማችን ወጥቼ ሩጫዬን ጀምሬያለሁ። ከአንዱ ጅምር ሕንጻ ጀርባ አራት ውሾች ብቅ አሉ። የብሎካችን ጥበቃ አባባ «ልጄ፣ ውሻ ሲያይህ እንዳትሮጥ» ይሉኛል፣ እኔም ድርቅ ብዬ ቆምኩ። አንድ እርምጃ ሳልራመድ ልቤ 160 ገባች። አንተ ሆዬ በእንግሊዝኛ «በርታ፣ ጎበዝ!» እያልክ ካሎሪ ትቆጥርልኛለህ። ለፍርሃት!

ቅዳሜ ደግሞ ውሃ ጠፋ። 20 ሊትር ጀሪካን ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ድረስ አራቴ ተመላለስኩ፣ ወገቤ እስካሁን አልተመለሰም። የያዝኩበት እጅ ስለማይወዛወዝ ግን እርምጃዬን ግማሹን ዋጥከው፤ ሸክሙንማ ከየት ታውቀዋለህ። ከሰዓት በኋላ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ልብስ ሳሽ ሁለት ሺህ እርምጃ መረቅህልኝ።

ሥራህን አጣርቻለሁ። ከሆድህ ሥር ያለው አረንጓዴ መብራት በቆዳዬ ሥር የሚያልፈውን ደም እያየ የልብ ምቴን ይቆጥራል፣ ሌላ ሴንሰር የእጄን ውዝዋዜ ይከታተላል፣ በዚያ ላይ የነገርኩህን ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቁመትና ክብደት (እሺ፣ ክብደቱን ትንሽ ዋሽቻለሁ) ትጨምርና ትገምታለህ። ትገምታለህ! በትክክል መለካት የፈለገማ ላቦራቶሪ ገብቶ አፍና አፍንጫው ላይ ጭምብል ይደረግለትና የተጠቀመው ኦክስጅን ይቆጠራል፤ አንድ ሊትር ኦክስጅን ወደ 5 ኪሎ ካሎሪ ነው። አንተ ትንፋሼን የት አየኸው? ልብ ደግሞ በቡናም፣ በሙቀትም፣ ረዳቱ መልስ ሲከለክልም ይመታል።

በ2017 እ.ኤ.አ. የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሰባት ዘመዶችህን በ60 ሰዎች እጅ አስረው ፈትነዋቸው ነበር። በልብ ምት ስድስቱ ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት አለፉ፣ እሰየው። በካሎሪ ግን አንደኛ የወጣው በአማካይ 27 በመቶ ሳተ። የመጨረሻው? 93። በኛ ጊዜ እንዲህ ያለ ውጤት ወላጅ ያስጠራ ነበር።

የሚያናድደኝ መሳሳትህ አይደለም፣ ድፍረትህ ነው። «612 ካሎሪ አቃጥለሃል!» ትለኛለህ። ወደ ስድስት መቶ ገደማ ብትል ምን ይጎድልብሃል? ጠንቋይ እንኳ «እንደሚታየኝ ከሆነ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ደግሞ ከዚያ 612 ውስጥ ተኝቼ ብውል እንኳ ሰውነቴ የሚያቃጥላት አለችበት። እኔ ግን ሙሉውን በላብ ያገኘሁት ደሞዝ መስሎኝ፣ ጥግ ላይ ያለችውን «እህቴ፣ ሁለት ቦምቦሊኖ ጨምሪልኝ» አልኳት። በማግስቱም። በማግስቱም።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሰዓት ንገረኝ፣ የልብ ምቴን ቁጠር፣ ካሎሪውን ተወው። የቦምቦሊኖው ወጪ በስምህ ይያዝልኝ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ ለሱሪዬ ቁልፍ፤ እንዲሁም ለአራቱ ውሾች፣ ስላደረጉልን ትብብር